ጣት ሳይጫን፦ ለሐድያና ለከምባታ እድሮች የቀረበ ጥሪ

ከቡታጅራ ወደ ሆሣዕና፥ ከሆሣዕናም በዶዮገና አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚያልፈው ጎዳና ላይ፥ እንዲሁም ወንድሞቻችን በደቡብ አፍሪካ ሌትና ቀን ደክመው በላኩት ገንዘብ በሆሣዕናና በዱራሜ ሽቅብ በሚወጡት ፎቆች ሥር፥ በመኪና የተገጨ ወይም ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀ ሰው ሲገኝ፥ ጎረቤት ተሸክሞ ወደ ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል ለማድረስ፥ ከሞተም እድሩ ድንኳን ለመትከልና ለቀስተኛውን ለማስተናገድ የማይሰንፍ መሆኑን ማንም ይመሰክራል፤ ነገር ግን ከቀብሩ ወይም ከሕክምናው በኋላ ለመበለቲቱና ለእጓለ ማውታው፥ ወይም እግሩን አጥቶ ለቀረው ጎልማሳ፥ ሕጉ ያዘዘለትን ካሣ ለማስከፈል የሚነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ኀዘኑ ሳይበርድ፥ ቁስሉም ሳይጠግግ፥ የባለመኪናው ወይም የአሠሪው ወገኖች ሽማግሌ ልከው፥ የቀብሩን ወይም የመጀመሪያውን ሕክምና ወጪ የሚሸፍን ጥቂት ገንዘብ አስቀድመው፥ ከእንግዲህ አንዳች ጥያቄ የለንም የሚል ወረቀት ያቀርባሉ፤ ቤተሰቡም ሽማግሌውን አክብሮ፥ ፈጣሪውንም ፈርቶ ጣቱን ይጭናል። ዕርቅን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ደም እንዳንቃባ፥ ቂምም ወደ ልጅ ልጅ እንዳይወርድ የጠበቀን እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3312 እንደሚደነግገው፥ ባለጉዳዮች ክርክራቸውን የሚጨርሱበት ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ስለሚቆጠር፥ በሦስተኛው ቀን የተጫነ ጣት በሦስተኛው ዓመት የሚመጣውን ሥቃይ ጭምር አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ይቅርታውን ዛሬ ስጡ፤ የካሣውን ወረቀት ግን ሐኪሙ የጉዳቱን መጠን ቆርጦ እስኪጽፍና ሕግ የሚያውቅ ሰው እስኪያነብላችሁ ድረስ አትፈርሙ። ሽማግሎችም ይህን ጊዜ ለተጎጂው ቢሰጡት ከክብራቸው የሚጎድል ነገር የለም።

ሕጉ ብዙዎቻችን ከምንገምተው ይልቅ ለተጎጂው የቀረበ ነው። የዚሁ ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፥ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፥ ኀላፊ ስለሚያደርገው፥ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደ ነበረ ካላስረዳ በቀር ሾፌሩ ሳይነግረኝ ወሰደው ማለት አያድነውም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማናቸውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ገጭቶ ላመለጠና ለማይታወቅ ወይም መድን ለሌለው መኪና ተጎጂም የመድን ፈንድ አቁሞለታል። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከተወሰነው 40,000 ብር ጣሪያ እንደምንረዳው፥ መድን ሰጪው የሚከፍለው እስከ ልኩ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ከዚያ ካለፈ ትርፉ ከባለቤቱ የሚጠየቅ ነውና፥ ከኢንሹራንስ የተቀበለ ሰው ነገሩ ያለቀ አይምሰለው። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈው ቁጥር 2116 ግን የብር ዋጋ ይህን ያህል ከወረደ በኋላ ርትዕ ነው ለማለት ስለማይቻል፥ የመረጣችኋቸውን እንደራሴዎች ስለዚህ ነገር ጠይቋቸው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ይርጋው ነው፤ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ 2 ዓመት ያለ ክስ ካለፈ፥ ድርጊቱ የረዘመ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር፥ መብቱ ይቀራል።

የግንባታ ሠራተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል፤ የቀን ሠራተኛ በመሆኑና የተጻፈ ውል ስለሌለው ሕግ የማያውቀው ሰው ይመስለዋልና። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ውል በቃልም እንደሚጸና ይናገራል፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኀላፊ ነው፤ ሕክምናውን መክፈል አለበት፤ ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ሲሳነው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፥ ለተከታዮቹ 3 ወራት ከመቶ 75፥ ለ6 ወራት ደግሞ ከመቶ 50 ይሰጠዋል። በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈ ሠራተኛ ፈጽሞ መሥራት ቢሳነው የ5 ዓመት ደመወዙ ይገባዋል። በዚህ አዋጅ የተወሰነው ይርጋ ከፍትሐ ብሔሩ ያጠረ ስለሆነ ቶሎ መነሣት ያሻል። በባሕር ማዶ ሆናችሁ ፎቅ የምታሠሩ ወንድሞችና እኅቶችም፥ ኮንትራክተሩን ስለ ብረትና ስሚንቶ እንደምትጠይቁት፥ የሠራተኞቹ ስም ተመዝግቦ እንደ ሆነና የራስ ቆብና መታጠቂያ ተሰጥቷቸው እንደ ሆነ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትላኩ።

እንግዲህ የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፥ በሺንሺቾም በሾኔም፥ በአንጋጫም በሆሣዕናም ያላችሁ፥ በሚመጣው ወርኀዊ ስብሰባ ከመዋጮው አስቀድማችሁ ከአባሎቻችሁ መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ምረጡ፤ አደጋ በደረሰ ቀን የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የመድኑን ወረቀት፥ የአሠሪውን ስም፥ የምስክሮችን አድራሻ ይመዝግቡ፤ የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ፕላን ማንሣቱን ያረጋግጡ፤ የሐኪም ማስረጃውንና የመድኀኒቱን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ አቃፊ ያኑሩ። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታስተምሩና የምትማሩም በሳምንት አንድ ቀን በሆስፒታሉ ደጅ ወንበር ዘርግታችሁ፥ በሐድይሳም በከምባትሳም የሚናገረውን ቤተሰብ ስሙ፥ ማመልከቻውንም ጻፉለት። የዳኝነት መክፈያ የለኝም ብሎ የሚቀር አይኑር፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ ድኻ ሳይከፍል ክስ እንዲያቀርብ ስለሚፈቅድ፥ የድኅነቱን ማስረጃ ከቀበሌው ተመላልሶ የሚያወጣለት የእድሩ ጸሓፊ ይሁን።