ሳይፈርስ ይፈታ

አዲስ አበባ ውስጥ የጭቃ ቤት ሲነሳ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ጣሪያ ላይ የወጣው ሰው ሚስማሩን እየነቀለ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ወደ ታች ያቀብላል። በርና መስኮት ከነመቃናቸው ይወጣሉ። ሞራሌው ይለቀማል፣ አጠናው ይደረደራል፣ የተጣመመው ሚስማር ሳይቀር በጣሳ ተጠራቅሞ በመዶሻ ይቃናል። መሬት ላይ የሚቀረው ጭቃና ጭድ ነው፤ እሱም ውኃ ከነካው ተመልሶ ይቦካል። ቆርቆሮው ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሰፈር የማድ ቤት ጣሪያ ወይም አጥር ሆኖ ይገኛል።

የግንብ ቤት ተራ ሲደርስ ግን እስካቫተር ይመጣል። ጡቡ፣ ብሎኬቱ፣ መስታወቱና እንጨቱ በአንድ ቀን አንድ ክምር ይሆናሉ። ከዚያ ውስጥ ፈላጊ የሚያገኘው በዋናነት ፌሮው ነው፤ አብዛኛው በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይደፋል። በተረፈ ዕቃ ለመገንባት መቻል አለመቻላችን የሚወሰነው አሮጌው ቤት በሚነሳበት በዚያ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ዘላቂ ግንባታ ስንነጋገር ይህን ቀን እንዘለዋለን።

ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ጡቡ የተያያዘበት ነገርም ወሳኝ ነው። በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ጡብ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ንጹሕ ሆኖ ይለቃል። ኖራው ከጡቡ ስለሚለሰልስ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ሲሚንቶ የበዛበት ግንብ ግን ጡቡን እንደያዘ ይሰበራል። ያ ጡብ ሲተኮስ ወደ 1,000 ዲግሪ የሚጠጋ እሳት በልቷል፤ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር ደግሞ 1,450 ዲግሪ አካባቢ። ሁለቱንም ደፍተን አዲስ ስናስመጣ ያንኑ እሳት ዳግም እናነዳለን። ስለዚህ ዛሬ የሚገነባ ሰው ነገ የሚፈታውንም ሰው ሊያስብለት ይገባል፤ መበየድ የማያስፈልገውን በቡሎን ይሰር፣ ፎቅ ለማይሸከም ግድግዳ ኖራ ይበቃዋል።

በቻይና ኒንግቦ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የታሪክ ሙዚየም ግድግዳ በአካባቢው ከፈረሱ መንደሮች በተለቀመ ጡብና የጣሪያ ሸክላ ለብሷል። አርክቴክቱ ዋንግ ሹ እ.ኤ.አ. በ2012 የፕሪትዝከር የአርክቴክቸር ሽልማት ተቀብሏል። የድርደራውን ዘዴ ያገኘው ከአካባቢው ግንበኞች ነው፤ አውሎ ነፋስ ቤት ባፈረሰ ቁጥር ስብርባሪውን ሰብስበው ግድግዳ ማቆም ልማዳቸው ነበር። የጠፋን መንደር ግድግዳ አይክሰውም። ሆኖም የአያቶች ሸክላ ጉድጓድ ከመሙላት ድኗል።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። መካኒሳ የሚገኘው የዞማ ሙዚየም፣ የሥነ ጥበብ ባለሙያዎቹ መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ ያቆሙት፣ ጭቃና ጭድ የድህነት ምልክት ብቻ እንዳልሆነ በዓይን ያሳያል። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜልና ላሜራ ዳግም ይወለዳል፤ ቆራሌው በየበሩ እየዞረ ይሰበስባል። ሰንሰለቱ አለ። የጎደለው አርክቴክቱ ነው። እሱ መጀመሪያ ይስላል፣ ከዚያ ዕቃ ይፈለጋል። በተረፈ ዕቃ ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መስኮቱ ተገኝቶ ልኩ ከታወቀ በኋላ ግድግዳው ይሳላል። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መጋዘንም ይጠይቃል፤ ዕቃውን አይቶ ደረጃ የሚሰጥ ባለሙያም እንዲሁ።

ሁሉም ዕቃ ግን ዳግም አይገባም። ተጣሞ በመዶሻ የተቃና ፌሮ ጥንካሬው በምርመራ ሳይረጋገጥ የፎቅ ምሰሶ ውስጥ መግባት የለበትም። የአስቤስቶስ ጣሪያም ሲሰበር ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፤ በጥንቃቄ ተነስቶ መወገድ እንጂ መሸጥ አይገባውም። በተረፈ ዕቃ መሥራት ክብር የሚያገኘው እንዲህ ያለውን ለይቶ እምቢ ማለት ሲችል ነው።

የማፍረሻ ፈቃድ የምትሰጡ፣ ከእስካቫተሩ በፊት ለአናጢና ለግንበኛ ሁለት ሳምንት ስጡ። አሮጌ ቤታችሁን የምታነሱም፣ በሩን ከነመቃኑ የሚያወጣ ሰው አስቀድማችሁ ጥሩ።