አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ኪነ ጥበብ ወዳዶች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ሮሮ አይታጣም፤ «ኦርጋን መጣና ሙዚቃችንን ገደለው» ይባላል። በሜክሲኮ አደባባይ ታክሲዎች ውስጥ የሚንቆረቆረውን ዘፈን ሁሉ ለዚህ ክስ ማስረጃ የሚያደርጉም አሉ። እኔ ግን ክሱ የቀረበው በተሳሳተ ተከሳሽ ላይ ነው እላለሁ፤ ሁለት ምስክሮችም አሉኝ።

የመጀመሪያው የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በስደት ከሚኖርባት ዋሽንግተን ያወጣውን ካሴት አድምጡ። አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንቴሳይዘሩን የተጫወተው እርሱ ነው፤ ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። የቅኝቱ ለዛ ግን ቅንጣት አልጎደለም። ካሴቱ በ2013 በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ዳግም ሲወጣ፣ በዋሽንግተን ታክሲ ሲያሽከረክር የኖረው ባለሙያ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ።

ሁለተኛው ምስክር እንግሊዛዊ ነው። ትራንስግሎባል አንደርግራውንድ የተሰኘውን የለንደን የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ኒክ ፔጅ በ2006 አዲስ አበባ መጥቶ ደብ ኮሎሰስን ጠነሰሰ። በ2008 በሪል ወርልድ በታተመው የቡድኑ አልበም የተራማጅ ወረታው መሰንቆ፣ የፀደንያ ገብረማርቆስ ድምፅና የሳሙኤል ይርጋ ፒያኖ ከጃማይካ ከተወለደው የደብ ምት ጋር ተጋቡ። መሰንቆው በባሱ ጎርፍ አልተወሰደም። ሳሙኤልም በ2012 «ጉዞ» የተሰኘ የራሱን አልበም በዚያው ኩባንያ አሳተመ። ፔጅ በ2021 አረፈ፤ ሥራው ግን ቆሞ ይመሰክራል።

«ፈረንጅ ስለሆነ ነው የተደነቀው» የሚለኝ አይጠፋም። ኃይሉስ ፈረንጅ ነው? ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ዜግነት ሳይሆን ማሽኑን ከማብራታቸው በፊት ጆሯቸውን መክፈታቸው ነው።

እንግዲያስ ታላላቆቹን ባንዶች ማን በተናቸው? በደርግ ዘመን ምሽቱን ያነቀው የሰዓት እላፊ አለበት። የባለሙያው ስደት አለበት። ለስምንት ሰው ከመክፈል በአንድ ኪቦርድ መገላገልን የመረጠው አሳታሚም አለበት። ያንኑ ምት አሥር ጊዜ ሲሸጡለት አሥር ጊዜ የገዛው አድማጭስ ከደሙ ንጹሕ ነውን? እነዚህን መክሰስ ስለሚከብደን መልስ የማይሰጠውን ኦርጋን እንወቅሳለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ያቺ አገር የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ አልቀበልም በማለቷ ነው። ውለታን በስም መክፈል የምናውቅ ሕዝብ ነን ማለት ነው። ታዲያ ከእያንዳንዱ አልበም ላይ የአቀናባሪውን፣ የባስ ተጫዋቹን፣ የመሰንቆ መቺውን ስም ስለ ምን አንጠይቅም? ስሙ የተጻፈለት ባለሙያ ይመሰገናል፤ ያው ስም ለወቀሳም አድራሻ ይሆናል። ማሽኑ ይሉኝታ የለውም፤ ይሉኝታ የሚይዘው ሰውን ነው።