ስቃዩ ለወሬ፣ ደስታው ለዋጋ ቅነሳ

አንጋፋ ሙዚቀኛ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብ ጠያቂው የሚጠብቀው እንባውን ነው። የልጅነት ድህነት፣ የከዳ ፍቅር፣ የስደት ብርድ ይነሳል፤ ከዚያ ለስለስ ያለ ማጀቢያ፣ ከዚያ ማስታወቂያ። ዜማውን ሲያቀናብር የቱ ጋ እንደተቸገረ፣ ጣቱን ለማፍታታት ስንት ዓመት እንደፈጀበት የሚጠይቅ የለም። ሙዚቃ ከተጎዳ ልብ በራሱ ጊዜ የሚፈልቅ ነገር ነው ብለን አምነናል። እምነቱ ለሙዚቀኛው የሚያዝን ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን የሠራውን ሥራ መንጠቅ ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ እንዴት እንደሚተረክ ልብ በሉ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በደርግ ዘመን ሂልተን ሆቴል ሲሠራ፣ ሰዓት እላፊው ታዳሚውንም ባንዱንም ስለሚያግት ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። በ1985 ብቻውን የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም «ዓለም አገኘው» ተባለ። በዚህ ትረካ የታክሲው ዓመታት የባከኑ ናቸው። ኃይሉ ግን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ ጭኖ ይዞር ነበር፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ እያወጣ ይለማመድ ነበር። የሚያጨበጭብም የሚከፍልም ሳይኖር። ታዲያ የት ጠፍቶ ነው የተገኘው? ጠፍተን የነበርነውስ እኛ አድማጮቹ አይደለንም?

ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ላይም ያው ነው። ስማቸው ሲነሳ የሚቀድመው ለንደን ሄደው የመማር ዕድላቸው በፈቃድ እጦት መክሸፉ፣ ከዚያም ግሸን ማርያም መመነናቸው ነው። የፒያኗቸው ሐዘን ከዚያ መጣ ይባላል። ይሁን፤ ሐዘን ዜማ ውስጥ አይገባም የሚል ክርክር የለኝም። ነገር ግን ካይሮ ሲማሩ በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ 4ቱን በቫዮሊን፣ 5ቱን በፒያኖ። ዕድል የተነፈገ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። 9 ሰዓት የሚቀመጥ ነው የጠፋው።

የልምምድ ስቃይ ለወሬ አይመችም። ክራርን በአንቺሆዬ ቅኝት ቃኝቶ አንዲቱን ሐረግ ቀኑን ሙሉ መደጋገም፣ ማታም አለመሳካቷን እያወቁ መተኛት፣ ጎረቤት ግድግዳ ሲደበድብ ድምፅ መቀነስ፤ ይህ ማንንም አያስለቅስም፣ ያሰለቻል። ደስታውም የሚገኘው እዚያው አሰልቺው ቦታ ነው። አንድ ማለዳ ጣት ሳይታሰብበት መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ ራሱ ደንግጦ ያቆማል፣ ከዚያ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ እንደገና ይጀምራል። ያንን ያየ ሰው ለምን እንደማይተወው ማስረዳት አያስፈልገውም።

ይህንን ደስታም ቢሆን በሰላም አንተውለትም። ለሠርግ ባንድ ስንደራደር «አንተ እንደሆንክ ትወደዋለህ፣ ለአንተ ጨዋታ ነው» ብለን ዋጋ እናስቀንሳለን። የዲኮሩን ባለሙያ አበባ ትወዳለህና ቀንስ አንለውም። ሙዚቀኛው ሲያረጅና ሲታመም ደግሞ የሕክምና ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት ይዘጋጅለታል፤ መድረክ ላይ ወጥተው የሚጫወቱለትም ጓደኞቹ ናቸው፣ በነፃ።