ቀጣዩ ሳተላይት ከእንጦጦ ጣቢያ ጋር ይግባባ ይሆን?

አዲስ አበባ፦ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና ስትመጥቅ፣ ትእዛዝ የሚሰጣትና መረጃ የሚቀበላት ጣቢያ የተዘጋጀው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ሳተላይት በዋናነት ለግብርና፣ ለአየር ንብረትና ለተፈጥሮ ሀብት ክትትል የታሰበች ናት። የአገልግሎት ዘመኗ ሲነደፍ የተገመተው ግን ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ጣቢያው ከእርሷ በኋላም ይኖራል። ሀገሪቱም ተተኪ ሳተላይት የማምጠቅ ዕቅዷን ይፋ አድርጋለች። ስለዚህ አዲሱ ሳተላይት ከነባሩ ጣቢያ ጋር በምን ቋንቋ ይነጋገራል የሚለው ጥያቄ ከግዥው በፊት መመለስ አለበት።

መሣሪያዎችን የሚያግባባው በውስጣቸው የሚጫነው መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ ፈርምዌር፣ ነው። በኮምፒውተር ዓለም ኢንቴል የጀመረው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2005 ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. የተባለ የጋራ ደረጃ ሆነ፤ ዛሬ በአንድ ፋብሪካ የተሠራ ኮምፒውተር የሌላውን ሃርድ ዲስክም ሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለ ችግር የሚያስነሳው በዚህ የተነሣ ነው። በሕዋው ዘርፍም እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተው የሕዋ መረጃ ሥርዓቶች አማካሪ ኮሚቴ ትእዛዝና መረጃ የሚላላክበትን ቅርጽ ይደነግጋል። የቻይናም፣ የአሜሪካም፣ የአውሮፓም የሕዋ ተቋማት አባላቱ ናቸው።

ሆኖም "ደረጃውን ያሟላል" የሚል ሐረግ በውል ላይ መስፈሩ ብቻውን አያስተማምንም። ደንቡ ብዙ አማራጮችን ይፈቅዳል፤ ሁለት አምራቾች ሁለቱም ደንቡን ጠብቀው የማይግባቡ መሣሪያዎች ሊሠሩ ይችላሉ። የመረጃ አቀራረቡ ዝርዝር ሰነድ፣ የምስጢር ቁልፉና ፈርምዌሩን የማደስ መብት በማን እጅ እንደሚሆን በጽሑፍ ካልታሰረ፣ ለእያንዳንዱ ማሻሻያ አቅራቢውን መለመን ይመጣል።

ጉዳዩ ከገበሬው ማሳ የራቀ ይመስላል፤ አይደለም። ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 የተሸከመችው ካሜራ በብርሃን የሚሠራ በመሆኑ በክረምት ደመናን አልፎ አያይም፤ ሰብሉ የሚያድገው ደግሞ በክረምት ነው። ደመናን ሰንጥቆ የሚያይ የራዳር ሳተላይት ቢመረጥ የሚልከው መረጃ እጅግ ይበዛል። ያን ጊዜ የጣቢያው መቀበያ ፈርምዌር መታደሱ አይቀርም። ሥራውን እንጦጦ ያሉት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በጥቂት ቀናት ይጨርሱታል ወይስ ባለሙያ ከውጭ እስኪመጣ የአንድ መኸር መረጃ ያመልጣል? ይህን የሚወስነው አሁን የሚጻፈው ውል ነው።