በርሜላችንን እንክደን



ድሬዳዋ ያደግን ሰዎች ስለ ወባ የምናውቀው አንድ ነገር ነበር። ዝናብ ይዘንባል፣ ውኃ ያቁራል፣ ትንኝ ይራባል፣ ሰው ይታመማል። በጋ ሲገባ እፎይ እንላለን። ይህ ዕውቀት አሁን አርጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ወባ ከተማችንን ያመሳት በደረቁ ወራት ነበር።

ምክንያቷ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ናት። የመጣችው ከወደ ደቡብ እስያና ከዓረብ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየች፣ በ2016 እኛ አገር ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ጅቡቲ በ2012 የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ሲሆን በ2020 ከ73 ሺህ አልፏል። የምናውቃት የወባ ትንኝ ኩሬና ረግረግ ትፈልጋለች፤ ለዚችኛዋ ግን በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ይበቃታል። ከተሜ ናት።

ታዲያ «ውኃ አታጠራቅሙ» የሚሉን አሉ። ኧረ እንዴት ተደርጎ! ቧንቧው በፈረቃ እየመጣ ማን ነው ሳያጠራቅም የሚያድር? ኮሚቴው በዚህ ምክር አይስማማም። ጥፋቱ ማጠራቀሙ ሳይሆን ክፍት መተዉ ነው። የውኃውን ጥያቄ ለሚመለከተው ክፍል ማቅረባችንን አናቋርጥም፤ እስከዚያው ግን ክዳኑ የእኛው ሥራ ነው።

ባለፈው ወር ቤት ለቤት ለማየት ስንነሣ አንዲት እናት «መጀመሪያ የራሳችሁን እዩ» አሉን። ሄደን አየን። ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጓሮ ያለው በርሜል ክዳን የለውም፣ ውስጡ እጭ ይርመሰመሳል። አፈርን። የዚያኑ ቀን ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ ቆርቆሮ ተገጠመለት።

የወባ ትንኝ እጭ ከውኃው ፊት ላይ ተጋድሞ ይታያል። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ትንኝ ነው፤ እሱም የደንጊ ትንኝ ሊሆን ስለሚችል አይናቅ። በእኛ ሙቀት እንቁላሉ ክንፍ ለማውጣት ከሳምንት ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ዕቃው በየሳምንቱ ይታጠብ። የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን ከዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ ደርቆም ለወራት ይቆያል። መድፋት ብቻ አይበቃም፣ በብሩሽ ይፈተግ።

አጎበርም አይጣል፤ ግን ገና ሳንተኛ፣ ምሽት ደጅ ተቀምጠን ስንጫወትም እንነከሳለን። ትኩሳት የያዘው ሰው «በጋ ነው፣ ወባ አይደለም» ሳይል ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በየግቢው እንዞራለን። ክዳን ለመግዛት ዐቅም ያነሳቸው ቀደም ብለው ለኮሚቴው ያስታውቁ፤ ቆርቆሮና ወንፊት አዘጋጅተናል። ከመንደሩ ጫፍ የሚሠራው ሕንፃ የውኃ ጉድጓዱ እስካሁን ክፍት ነው። ለባለቤቱ ሁለት ጊዜ ጽፈንለታል። ቅዳሜ መጀመሪያ የምንሄደው እዚያ ነው፤ የቻለ ሁሉ አብሮን ይምጣ።