5 ግራም ትል፣ 28 ኪሎ ግራም አየር

በከተማችን የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መስኮት ላይ በዘይት ጣሳ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን የተተከለ ጤና አዳም፣ በሶብላ ወይም የሎሚ ችግኝ ማየት የተለመደ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቅጠሉ ተበልቶ ግንዱ ብቻ ሲቀር የቤቱ ሰዎች የሚወስዱት እርምጃም እንዲሁ የተለመደ ነው፤ የፍሊት ጣሳ ይነሣል፣ በር ይዘጋል፣ ክፍሉ በሙሉ ይነፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እርምጃ በስሌት ሲመዘን የማያዋጣ መሆኑን ማሳየት ነው። ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር እንጂ የነፍሳት ተመራማሪ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከግማሽ በላይ የፊዚክስ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ትሉ ከየት መጣ? በብዙዎች ዘንድ «አፈሩ ነው ያፈላው» የሚል እምነት ስላለ አፈሩን ከነተክሉ አውጥቶ የሚደፋ ሰው አይታጣም። ይህን የመሰለውን እምነት ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1668 ባሳተመው ሥራው በሥጋ ላይ ፈትኖታል። በስስ ጨርቅ በተሸፈነ ዕቃ ውስጥ ያኖረው ሥጋ ዝንብ ስላልደረሰበት ትል አላወጣም። በጣሳችን ላይ ያለው ትልም እናት አለችው፤ የገባችውም በመስኮት ነው። እርግጥ ነው፣ ሌሊት ወጥተው ግንድ የሚቆርጡ፣ ቀን ቀን ደግሞ አፈር ውስጥ የሚደበቁ ትሎች አሉ፤ ነገር ግን መደበቂያ ሌላ፣ መወለጃ ሌላ ነው።

እናቲቱ በቀን ልትመጣ ትችላለች። ጤና አዳም፣ ሎሚና ብርቱካን በዕፅዋት ምደባ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በአፍሪካ በስፋት የምትገኝ፣ በጥቁር ክንፏ ላይ ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት ትልቅ ቢራቢሮ ዕንቁላሏን በአብዛኛው የምትጥለው በዚህ ቤተሰብ ቅጠሎች ላይ ነው፤ ያውም አንድ በአንድ። የሚፈለፈለው ትል በልጅነቱ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነኩት ከራሱ ኋላ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ብርቱካናማ ሥጋ ብቅ አድርጎ መጥፎ ሽታ ይለቃል። ለማስፈራራት ያህል ነው እንጂ ሰውን አይጎዳም።

በሌሊት የምትመጣው ደግሞ የእሳት እራት ናት። ይህ ስም ራሱ አባቶቻችን ያቀረቡት መላ ምት ነው፤ ወደ እሳት ትሄዳለች፣ የእሳትም እራት ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የነፍሳትን በረራ በፈጣን ካሜራ ተከታትሎ ለየት ያለ ማብራሪያ ሰጥቷል። እንደ ተመራማሪዎቹ አባባል ነፍሳቱ በቀጥታ ወደ መብራቱ አይሳቡም፤ ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። በተፈጥሮ ሌሊት ከምድር ይልቅ ብሩህ የሚሆነው ሰማዩ ስለሆነ ጀርባን ለብርሃን መስጠት ሚዛንን ጠብቆ መብረር ማለት ነው። አምፖል ሲበራ ግን «ላይ» የሚለው አቅጣጫ ይዛባባቸውና በአምፖሉ ዙሪያ ሲሽከረከሩ ይቀራሉ። ለእኛ የሚጠቅመው ተግባራዊ ውጤት አጭር ነው፤ ሲመሽ መብራት ከማብራታችን በፊት መስኮቱን መዝጋት፣ ወይም ወንፊት ሽቦ መግጠም። ሽቦው የቀኗንም እንግዳ ይከለክላል።

አሁን ወደ ፍሊቱ እንመለስ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት ከ0.9 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ በመሆኑም በክፍሉ ውስጥ 28 ኪሎ ግራም ያህል አየር አለ። በጣሳው ላይ አምስት ትሎች ቢገኙና እያንዳንዱን በአንድ ግራም ብንገምተው ጠላታችን በጠቅላላው 5 ግራም ነው። ለእነዚህ 5 ግራሞች ስንል 28 ኪሎ ግራም አየር እንበክላለን፤ ያንኑ አየር ደግሞ በዚያው ሌሊት እንተነፍሰዋለን።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በስቶክስ ሕግ መሠረት በረጋ አየር ውስጥ የምትወርድ ጥቃቅን ጠብታ ፍጥነት በስፋቷ ካሬ ልክ ይለያያል። ስፋቷ 10 ማይክሮ ሜትር የሆነች ጠብታ በሰከንድ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ 2 ሜትር ለመውረድ 11 ደቂቃ ይበቃታል። ስፋቷ 1 ማይክሮ ሜትር የሆነችው ግን ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ከ18 ሰዓት በላይ ያስፈልጋታል። እንግዲህ ትልልቆቹ ጠብታዎች በቅጠሉ ፊት፣ በወለሉና በአልጋ ልብሱ ላይ ይወድቃሉ፤ ትሉ ከቅጠሉ ጀርባ ተጣብቆ ጥላ እንደያዘ ሰው ይቀመጣል። ደቃቆቹ ሳንባችንን ይጠብቃሉ። ውጪ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ፣ ዝናብና የአፈር ባክቴሪያ መርዙን ለማፍረስ ያግዙ ነበር። ምንጣፍና መጋረጃ ግን ይህን አያደርጉም።

ከፍሊት የባሰም አለ። አንድ ተማሪዬ እንደነገረችኝ በቤታቸው ያለውን ጤና አዳም ትል ሲበላው ከገበያ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ የመጣ የእርሻ መድኃኒት ተረጨበት። ጠርሙሱ ስምም፣ የአጠቃቀም መመሪያም አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ከዚያው ጤና አዳም ተቀንጥሶ ቡና ውስጥ ገባ። ደግነቱ ማንም አልታመመም። ነገር ግን ማላታዮንና መሰሎቹ የሚገድሉት በትሉ ነርቭ ውስጥ የሚሠራ አንድ ኤንዛይም በማሰር ነው፤ ይኸው ኤንዛይም በእኛም ነርቭ ውስጥ አለ። ልዩነቱ የመጠን ነው፤ ከለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳውን መጠን ደግሞ የለካው የለም። በእኔ አስተያየት ለማሳ የተሠራ መድኃኒት በምንም ምክንያት የቤት ደፍ ማለፍ የለበትም። ያለ መለያ ጽሑፍ እየቀዳ የሚሸጠውም ሰው ሊጠየቅ ይገባዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዓይንና ጣት ይበቃሉ። ጣሳው ሥር ወይም የታችኛው ቅጠል ላይ ጥቁር ፍሬ የሚመስል ኩስ ከተገኘ ትሉ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ሲመሽ የእጅ ባትሪ ይዞ የቅጠሉን ጀርባ አንድ በአንድ ማየት፣ የተገኘውን ለቅሞ ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ መጣል ነው። ሳሙናው የሚያስፈልገው ትል የሚተነፍሰው በጎኖቹ ባሉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ስለሆነ ነው። ንጹሕ ውኃ በገጽ ውጥረቱ ምክንያት ወደ ቀዳዳዎቹ በቀላሉ አይገባም፤ ሳሙና ይህን ውጥረት ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላል። ፀጉራም የሆነውን አባጨጓሬ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ፀጉሩ ቆዳ ያቃጥላል፣ ስለዚህ በእንጨት ይነሣ። በቅጠሉ ላይ የተጣበቀ ዕንቁላል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሥራው ለአንድ ሳምንት በየምሽቱ ቢደገም ሌላ ነገር አያስፈልግም። ለመርጨት ከሚፈጀው ጊዜ ግን ይበልጣል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

«የተፈጥሮ ነው» ተብሎ የሚታመንበት የትንባሆ ውኃም አለ። ኒኮቲን የተፈጥሮ መሆኑ እውነት ነው፤ በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባ ብርቱ የነርቭ መርዝ መሆኑም እንዲሁ። ቡና ውስጥ በሚገባ ቅጠል ላይ ቦታ የለውም።

ይልቅስ ከተፈጥሮ የተገኘ የተሻለ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1901 ጃፓናዊው ሺጌታኔ ኢሺዋታ የሐር ትል የሚገድል ባክቴሪያ አገኘ። በ1911 ጀርመናዊው ኤርንስት በርሊነር ያንኑ ዝርያ ከዱቄት ነፍሳት ላይ አግኝቶ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ አለው። ባክቴሪያው የሚሠራው የፕሮቲን ቅንጣት በትሉ አንጀት ውስጥ ሟሙቶ የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳል። የሚሟሟው የትሉ አንጀት አልካላይን ስለሆነ ነው። የእኛ ጨጓራ አሲድ ነው፤ የፕሮቲኑ መያዣ የሚሆነው ተቀባይም በአንጀታችን የለም። የሐር አርቢዎች ጠላት የነበረው ፍጥረት በዚህ ምክንያት ዛሬ በብዙ አገሮች በመድኃኒትነት ይሸጣል። ለአምስት ትል ግን እርሱንም ቢሆን አልመክርም።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምመክረው ሌላ ነው። ከአምስቱ ትሎች አንዱን ሳሙና ውኃ ውስጥ አትጣሉት። ከተገኘበት ተክል ቅርንጫፍ ጋር በሰፊ ጠርሙስ አድርጋችሁ አፉን በስስ ጨርቅ እሰሩት፤ በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ስጡት፣ ርዝመቱን በማስመሪያ ለክታችሁ በሰንጠረዥ መዝግቡ። አንድ ቀን መብላት ያቆማል። ያን ጊዜ ጠርሙሱን አታንቀሳቅሱ፤ የሎሚው ቢራቢሮ ልጅ ከሆነ በቅርንጫፉ ላይ በሐር ክር ራሱን ያስራል፤ ቀኑንም ጻፉ።