ቄሣር ያልፈራው፣ ሕዝቡ የፈራው

ወዳጆቹ በጠባቂዎች እንዲታጀብ ሲመክሩት፣ ዩልዮስ ቄሣር ሞትን ዘወትር እየጠበቁ ከመኖር አንድ ጊዜ መሞት ይሻላል ሲል እምቢ ማለቱን ፕሉታርክ ጽፏል። ይህ ድፍረት የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን መሠረታዊው ጥያቄ ሥልጣኑ በማን ላይ ቆሞ ነበር የሚለው ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት የዕድሜ ልክ አምባገነን የተባለው ቄሣር፣ በዚያው ዓመት ማርች 15 ቀን በሴኔቱ ስብሰባ ላይ በ23 ቁስል ወደቀ። ገዳዮቹ ነፃነትን መለስን ቢሉም፣ ጥቂት መኳንንት በጩቤ ያወጁት ነፃነት ለሮም ድሃና ባሪያ አልደረሰም፤ በ27 ዓመት ኦክታቪያን አውግስጦስ ተብሎ ብቸኛ ገዢነቱን አጸና።

እንግዲህ የሥልጣን ጽናት የሚለካው ገዢው ሞትን ባለመፍራቱ ሳይሆን፣ ሠርቶ አደሩ ገዢውን ሳይፈራ መናገር በመቻሉ ነው።